አሳዳጊ የበደለው

በቋንቋችን አንድ ስድብ አለ፤ ሁላችሁም ሰምታችሁታል፤ ምናልባትም ተናግራችሁታል። ሰው ገፍቶ ታክሲ ውስጥ የገባውን፣ ለታላቅ ያልተነሣውን፣ በመንገድ ላይ አፉን የከፈተውን ወጣት «አሳዳጊ የበደለው!» እንለዋለን። እስቲ ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በዳዩ አሳዳጊው ነው ይላል። ተበዳዩ ልጁ ነው ይላል። የሚሰደበው ግን ማን ነው? ልጁ! መበደሉን በአፋችን እየመሰከርን በዚያው አፍ እንሰድበዋለን።

ይህን የምጽፍላችሁ እኔም ስለ ተናገርሁት ነው።

ከዓመታት በፊት በአጥቢያችን ሕፃናትን አስተምር ነበር። ከልጆቹ መካከል ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆነው አንድ ልጅ ነበረ። በር በኃይል ሲዘጋ ከወንበሩ ይዘላል፤ ሰው ከኋላው ሲያልፍ ክንዱን አንሥቶ ፊቱን ይከልላል፤ ጓደኛው ለጨዋታ ቢነካው በቡጢ ይመልሳል። ከአንዱ ዘመድ ቤት ወደ ሌላው ዘመድ ቤት ሲዘዋወር እንዳደገ አውቅ ነበር። አንድ እሑድ የአንዲት ልጅ አፍንጫ አደማ። ክንዱን ይዤ አወጣሁትና በሩን ዘጋሁበት። ለባልደረባዬም፣ «አሳዳጊ የበደለው ነው፤ ምን ታደርገዋለህ?» አልሁት። ወንበር ይደረድሩ የነበሩ አንዲት እናት ሰምተውኝ ቀና አሉና፣ «ልጄ፣ አሳዳጊ እንደ በደለው ካወቅህ፣ አንተ ለምን ትደግምለታለህ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቆይቼ፣ እንስሳት በልጅነታቸው የሚያገኙት እንክብካቤ አካላቸውን እንዴት እንደሚቀርጸው የሚያጠኑ ሰዎችን ሥራ ሳነብ፣ የእኚያ እናት ጥያቄ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበረ ገባኝ። ያነበብሁትን ላካፍላችሁና አብረን እናስብ።

ከአንድ ዓይነት እንቁላል

ከምታውቁት ከንብ ቀፎ እንጀምር። ንግሥቲቱ በቀን ከአንድ ሺህ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ዓመታትም ትኖራለች። ሠራተኛዋ ንብ ደግሞ በሥራ ወቅት የምትኖረው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ታዲያ ንግሥቲቱ ከተለየ ዘር አልመጣችም። እንቁላሏ ከእኅቶቿ እንቁላል አይለይም። እጮቹ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞግዚት ንቦች ከራሳቸው የሚያመነጩትን ነጭ ምግብ ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ማርና የአበባ ዱቄት ወዳለበት ምግብ ይዛወራሉ፤ ንግሥት እንድትሆን የተመረጠችው ግን በዚያው ነጭ ምግብ ትጠግባለች። ዘሩ አንድ፣ አስተዳደጉ ሁለት፣ አካሉም ሁለት ሆነ።

ይህ እንዴት ይሆናል? በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለውን ዘረ መል እንደ መዝሙር መጽሐፍ አስቡት። መጽሐፉ ውስጥ መቶዎች መዝሙሮች አሉ፤ በዚህ እሑድ የሚዘመረው ግን የተከፈተው ገጽ ብቻ ነው። በሕዋስም ውስጥ አንዳንዱ ገጽ ይከፈታል፤ አንዳንዱ በጥቃቅን ኬሚካዊ ምልክቶች ይታሸጋል። ከእነዚህ ምልክቶች በይበልጥ የሚታወቀው ሚቲል ይባላል። ምልክቶቹ በመጽሐፉ ላይ አንዲት ፊደል አይለውጡም፤ የሚለውጡት የሚነበበውን ነው። የዚህ ጥናት ስም ኤፒጄኔቲክስ ነው። በአውስትራሊያ ካንቤራ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በንብ እጮች ውስጥ ይህን ምልክት ከሚያኖሩት ፕሮቲኖች አንዱን ሲቀንሱ፣ ብዙዎቹ ንግሥት የሚመስል አካል ይዘው ወጡ። ምግቡ የሚሠራው ቢያንስ በከፊል በእነዚህ ምልክቶች በኩል ነው ማለት ነው።

አብዝታ የምትልስ እናት

አሁን ወደ ልጁ ነገር የሚያቀርበንን ላምጣ። በካናዳ ሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ማይክል ሚኒ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ለብዙ ዓመታት የአይጥ እናቶችን አጥንተዋል። የሥራቸው መነሻ ተቀምጦ መቁጠር ነበረ፦ እናቲቱ ልጆቿን ስንት ጊዜ ላሰች? ላም ጥጃዋን ስትልስ ያየ ሰው ነገሩ አያስደንቀውም። ነገር ግን ሁሉም የአይጥ እናቶች እኩል አይልሱም። አንዳንዷ አብዝታ ትልሳለች፣ አንዳንዷ ጥቂት። ሁለቱም ያጠባሉ፤ የሁለቱም ልጆች ያድጋሉ። ላይ ላዩን ለሚያይ ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም።

ልጆቹ ካደጉ በኋላ እያንዳንዱን ለ20 ደቂቃ በጠባብ ቱቦ ውስጥ አስገብተው በደሙ ውስጥ ያለውን የጭንቀት ሆርሞን ለኩ። ሁሉም ደነገጡ። አብዝተው የተላሱት ግን ሆርሞናቸው በመጠኑ ወጣ፤ ጥቂት የተላሱት ግን ከዚያ አብልጦ ወጣባቸው። ምክንያቱ በአንጎል ውስጥ ይገኛል። ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል ይህን ሆርሞን የሚይዙ ተቀባዮች አሉ፤ እነርሱ ሆርሞኑን ሲይዙ «በቃ፣ አቁሙ» የሚል መልእክት ይተላለፋል። የድንጋጤ ፍሬን ናቸው ማለት ይቻላል። አብዝቶ የተላሰው አይጥ ተቀባዮቹ ብዙ ናቸው፤ ፍሬኑ ይይዛል። ጥቂት የተላሰው ተቀባዮቹ አነስተኛ ናቸው፤ ፍሬኑ ይላላል።

የዚህን ልዩነት ሥር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት አሳዩ። ተቀባዩን በሚያሠራው ዘረ መል አጠገብ የሚቲል ምልክት አለ። በተወለዱ ማግሥት ምልክቱ በሁሉም ላይ ይገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ግን አብዝተው በሚላሱት ላይ ከቁልፍ ቦታው ይነሣል፤ በጥቂት በሚላሱት ላይ ይቀራል። ይህም ልዩነት እስከ ጉልምስና ይዘልቃል። የምላስ ንክኪ ከቆዳ አልፎ አንጎል ደረሰ፤ ከአንጎልም አልፎ የትኛው ገጽ እንደሚነበብ ወሰነ። ዓይኑን እንኳ ያልገለጠ ፍጥረት «ዓለም እንዲህ ናት» የሚለውን ትምህርት በአካሉ ተቀበለ።

«ምናልባት ይህ የዘር ጉዳይ ነው፤ ጥቂት የምትልሰዋ እናት ደንጋጣ ዘር ይኖራታል» የሚል ይኖራል። ተመራማሪዎቹም ይህን ጠይቀው ነበር። ስለዚህ በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ ልጆቹን አለዋወጧቸው። ጥቂት ከምትልስ እናት የተወለደችው፣ አብዝታ በምትልሰው ቤት ስታድግ፣ እንዳሳደገቻት እናት ሆነች። ድንጋጤዋ በመጠን ሆነ። እርሷ ራሷም በወለደች ጊዜ ልጆቿን አብዝታ ላሰች። የወለደቻት ሳትሆን የተቀበለቻት መሰለች።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጥቂት የተላሰው አይጥ የተበላሸ አይጥ አይደለም። በአስጨናቂ ሁኔታ ውስጥ ሲፈተን፣ ከአንጎሉ ሥራ አንዳንዱ ከሌላው ይልቅ የሚበረታበት ጊዜ እንዳለ ታይቷል። አካሉ ለአስፈሪ ዓለም ተዘጋጅቶ ነበር። አስፈሪ በሆነ ዓለም ውስጥ ቶሎ መደንገጥ ሕይወት ያተርፋል። በክፍሌ ውስጥ ክንዱን ያነሣው ልጅ ምናልባት ባለጌ አልነበረም፤ ምናልባት ወዳልነበረበት ጦርነት የመጣ ወታደር ነበረ። ሰላም ባለበት ክፍል ውስጥ ሰላም እንዳለ አካሉ ገና አልሰማም።

ታዲያ እናቲቱ ናት ጥፋተኛ?

ጣታችን ከልጁ ሲነሣ ወዲያው እናቱ ላይ እንዳያርፍ እንጠንቀቅ። እነዚያው ተመራማሪዎች አብዝተው የሚልሱ እናቶችን በእርግዝናቸው ጊዜ ሲያስጨንቋቸው፣ መላሳቸው ቀነሰ። እናቲቱ ያልሰጠችው ስላልወደደች ነው ብለን የምንፈርድባት፣ ማን እንዳስጨነቃት ሳንጠይቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥብ ውላ ማታ ልጇን ለማቀፍ ክንድ ያጣች እናት በየሰፈራችሁ አለች። የልጇን ጉዳይ ከእርሷ ብቻ የሚጠይቅ ጉባኤ፣ ከራሱ መጠየቅ የነበረበትን ረስቷል።

ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰው አይጥ አይደለም። የሰው ልጅነት ረጅም ነው፤ አሳዳጊዎቹም ብዙ ናቸው፤ ቋንቋ፣ ትዝታ፣ ጸሎት አለው። በእኛም አካል ላይ ግን ያለፈ ነገር ምልክት ሊተው እንደሚችል ፍንጭ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት፣ በምዕራብ ኔዘርላንድ ብርቱ ረሃብ ነበረ። በዚያ ረሃብ ጊዜ የተፀነሱ ሰዎች ከስድሳ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ከዕድገት ጋር በተያያዘ አንድ ዘረ መል ላይ ያለው የሚቲል ምልክት ረሃቡ ካልነካቸው ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው አንሶ ተገኘ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዘመን የተወለደ ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን ሲያነብ ዝም ብሎ እንደማያልፈው አውቃለሁ።

ሁለት የተሳሳቱ መንገዶች

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን በሁለት መንገድ ልንሳሳት እንችላለን። ሁለቱንም በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ሰምቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው «ተፈጥሮዬ ነው» የሚለው ነው። «እኔ ቶሎ እቆጣለሁ፤ ቤተሰባችን እንዲህ ነው፤ ምን ላድርግ?» ሳይንሱን ከሰማ በኋላ ደግሞ «ሆርሞኔ ነው» ሊል ይችላል። ለዚህ ወንድም ጥፋትና ኃላፊነት አንድ አለመሆናቸውን ልንገረው። ከአባቱ ድንጋይ የበዛበት ማሳ የወረሰ ገበሬን አስቡት። ድንጋዩን እርሱ አላመጣውም፤ ማንም ስለ ድንጋዩ ሊወቅሰው አይገባም። ዘር የሚዘራበት ጊዜ ሲደርስ ግን ድንጋዩን የሚለቅመው ማን ነው? ማሳው የእርሱ ነው። ጥፋት ወደ ኋላ ይመለከታል፤ ኃላፊነት ወደ ፊት። በልጅነታችሁ ለተደረገባችሁ ነገር ጥፋተኞች አይደላችሁም። ነገ እጃችሁ በሰው ላይ ለሚያደርገው ግን ትጠየቃላችሁ።

ደግሞም «ምን ላድርግ?» ለሚለው ጥያቄ ከእንስሳቱ ራሱ መልስ አለ። በዚያው በ2004 ጥናት ጥቂት የተላሱት አይጦች ከጎለመሱ በኋላ አንጎላቸው ውስጥ አንድ መድኃኒት ሲገባ ምልክቱ ተነሣ፤ ድንጋጤያቸውም ተስተካከለ። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ጥናት ነው። በጨቅላነታቸው በየቀኑ ለሰዓታት ከእናታቸው ይለዩ የነበሩ አይጦች፣ ጡት ከጣሉ በኋላ ሰፊ ቤት፣ ብዙ ጓደኞችና የሚጫወቱበት ነገር ተሰጣቸው። ለጭንቀት የሚሰጡት ምላሽ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆነ። አንጎላቸው ሲመረመር ግን የልጅነቱ ለውጥ እንዳለ ነበረ። ጠባሳው አልጠፋም፤ በጠባሳው ዙሪያ ሌላ መንገድ ተሠርቶ ነበር። ጌታ ከሞት ከተነሣ በኋላ እንኳ የቁስሉን ምልክት ለቶማስ እንዳሳየ የምናውቅ ሰዎች፣ ምልክት መቅረቱን ከፈውስ አለመኖር ጋር አንድ ልናደርገው አይገባም። «ከዳንሁ በኋላ ለምን አሁንም እደነግጣለሁ?» እያላችሁ እምነታችሁን የምትጠራጠሩ ካላችሁ፣ ይህን በልባችሁ ያዙት።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የበለጠ መንፈሳዊ ይመስላል። «እነሆ፣ ሳይንስም የትውልድ እርግማንን አረጋገጠ!» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይደለም፤ ያገኙት ነገር የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። በእነዚያ አይጦች ዘንድ አለመላስ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈው በደም ውስጥ እንደ ታሸገ ፍርድ አልነበረም። በራሱ በአለመላስ ተላለፈ። የሚላስበት ቤት የገባችው ያን ቀን ሰንሰለቱ ተቆረጠ።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 የሚሟገተው ይህን ከሚመስል አባባል ጋር ነበር። በባቢሎን የተማረኩት ሰዎች የአባቶች ጎምዛዛ ፍሬ የልጆችን ጥርስ እንዳጠረሰ የሚናገር ተረት ነበራቸው። በእርሱም ሁለት ነገር ያደርጉ ነበር፤ አባቶቻቸውን ይከስሳሉ፣ ራሳቸውን ነጻ ያወጣሉ። እግዚአብሔር ያን ተረት ከአፋቸው ነጠቃቸው። አባቶች ምንም አልበሉም አላለም፤ የልጅ ፍርድ በአባት አፍ ውስጥ እንዳልተዘጋ ነገራቸው እንጂ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደግሞ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ጠየቁ፤ የእርሱ ወይስ የወላጆቹ? ጥያቄው ወደ ኋላ ይመለከት ነበር። ጌታ ግን ወደ ፊት አዞረው፤ በዚህ ሰው የእግዚአብሔር ሥራ ሊገለጥ እንደሆነ ነግሯቸው ጭቃ ለወሰ። የአይጥ ጥናት የእነዚህ ምዕራፎች ማስረጃ ነው እያልሁ አይደለም፤ ምዕራፎቹም ማስረጃ አይሹም። ነገር ግን ሁለቱም አንድ አቅጣጫ እንድንመለከት ያስገድዱናል።

ሸክሙ ከበደ እንጂ አልቀለለም

ብዙዎች፣ ሰው በአካባቢው የሚቀረጽ ከሆነ ኃላፊነት ይጠፋል ብለው ይፈራሉ። እኔ ሳስበው ኃላፊነት ይበዛል። ቃሌ በልጅ ጆሮ ገብቶ የሚወጣ ነፋስ ብቻ ቢሆን፣ ጥፋቴ በይቅርታ የሚያልፍ የአንድ ቀን ጥፋት ይሆን ነበር። አያያዜ አካል ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ከሆነ ግን፣ ለልጅ አካባቢው እኔ ነኝ። «አካባቢ» የምንለው ተራራና ወንዝ ብቻ አይደለም። ለታናሽ እኅትህ አካባቢዋ አንተ ነህ። በአጥቢያሽ ላሉት ሕፃናት አካባቢያቸው አንቺ ነሽ።

የአይጥ ልጅ እናቷ ለምን እንዳልላሰቻት መጠየቅ አትችልም። ስለዚህ የተቀበለችውን ታስተላልፋለች። እናንተ ግን ትችላላችሁ። የተቀበላችሁትን አይታችሁ «ይህ በእኔ ላይ ይቁም» ማለት፣ ተቀብላችሁ የማታውቁትን መስጠት ትችላላችሁ። በአሳዳጊ የተበደለ ሰው ሌላውን በደግነት ሲያሳድግ ያየ፣ ከዚህ የሚበልጥ የጸጋ ምስክርነት አይሻም።

ቀላል ነው አልላችሁም። አባቶቻችን ላሟ እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይላሉ። አስቸጋሪ ልጅ እንደዚያ ነው። የቀረበውን ያቃጥላል። የተመታችውም ልጅ እውነተኛ አፍንጫ አላት፤ እርሷንም መጠበቅ ግዴታ ነው። ልጁን ከእርሷ ማራቄ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቴ ካራቅሁት በኋላ በሩን መዝጋቴ ነበር።

እኚያ እናት በሚቀጥለው እሑድ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። ልጁን ከኋላ ረድፍ፣ ማንም ከጀርባው በማያልፍበት ጥግ አስቀመጡትና አጠገቡ ተቀመጡ። አልሰበኩትም። በሩ ሲንኳኳ፣ «ዘበኛው ነው» ይሉታል በለሆሳስ። ወንበር ሲወድቅ፣ «ወንበር ነው» ይሉታል። እጃቸውን እንዲያየው ከፊቱ አድርገው ከዚያ ትከሻው ላይ ያኖሩታል። እንዲህ እያሉ ዓመት ሊሞላ ሆነ። ልጁ መልአክ አልሆነም፤ በኋላም ተጣልቶ ያውቃል። ግን አንድ ቀን አንድ ሕፃን መጋረጃውን ጎትቶ ብረቱ በታላቅ ድምፅ ሲወድቅ፣ ክንዱ ከፍ ማለት ጀመረና በመካከል ቆመ። ወደ እናቲቱ ዞር አለ። ከዚያ አጠገቡ ወዳለው፣ ማልቀስ ወደ ጀመረው ትንሽ ልጅ ጎንበስ ብሎ፣ «ብረት ነው» አለው።

በየኅብረታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ስሙን ታውቁታላችሁ። በዚህ እሑድ ከእርሱ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ከሆነ፣ እባካችሁ ተቀመጡበት።